ሳይጠሯት አቤት

በሕፃናት መዋያው ውስጥ ሰፊው ክፍል የትልልቆቹ ነው፤ ጸጥ ያለው ክፍል ግን የእቴቴ ነው። ከጨቅላዎቹ ጀምሮ ሦስት ዓመት እስካልሞላቸው ድረስ ያሉት ሁሉ እዚያ ይውላሉ። አዲስ ወላጅ መዋያውን ሊያይ ሲመጣ ዳይሬክተሯ መጀመሪያ የምታሳየው ይህንኑ ክፍል ነው። በሩን ቀስ ብላ ገርበብ ታደርግና ጣቷን ከንፈሯ ላይ ጣል አድርጋ ታስገባዋለች። ወላጁ አንገቱን አስግጎ ያያል፤ የሚያለቅስ ልጅ ያጣል፤ ተገርሞ ይወጣል። ብዙዎቹ ልጃቸውን ያስመዘገቡት በዚያ ጸጥታ ተማርከው ነው።

የጸጥታው ምክንያት እቴቴ ራሷ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳን ተሻግሯል፤ ወገቧ ሰፋ ያለ ነው፤ እግሯ ግን ከወጣቶቹ ይፈጥናል። ስሙን ያወጡላት ታናናሾቿ ናቸው፤ መዋያው ደግሞ ወረሰው። ልጅ ሊያለቅስ ሲል ከንፈሩ እንደሚንቀጠቀጥ፣ እንቅልፉ ሲመጣ ጆሮውን እንደሚያሽ ማንም ሞግዚት ያውቃል። እቴቴ ግን የእያንዳንዱን ልጅ ጠባይ ለየብቻው ታውቀዋለች። አንዱ ሙዝ ሲያምረው መስኮቱን ያያል፤ ሌላዋ ሲበርዳት ትስቃለች። ልጁ ፍላጎቱን ለራሱ እንኳ ሳይነግረው እቴቴ ዕቃውን ይዛ ከተፍ ትላለች። የበሩ ጥበቃ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው ላይ ካልቀለደ ቁርሱ የማይወርድለት ሰውዬ፣ "ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት" እያለ ይጠራታል። እሷም እንደ ሙገሳ ቆጥራው ትስቃለች። ተረቱ ሙገሳ አለመሆኑን የሚያውቁት ሁሉ ዝም አሉ፤ ደግ ሴት ናትና ማን ደፍሮ ይነግራታል?

ሞግዚት አታዳላም ይባላል። ውሸት ነው። እቴቴ ሁሉንም ትወዳለች፤ ድንቡሼን ግን ለብቻዋ ትወዳለች። ድንቡሼ ወደ መዋያው የመጣችው አንገቷ ሳይጸና ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከመንገዱ ማዶ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ትውላለች። አባቷ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ቤቱን የሚያየው እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ነው። የልጅቱ ጉንጭም ክንድም ክብ ነበርና ቅጽል ስሟን ለማውጣት ማንም አልተጨነቀም።

በእቴቴ ክፍል ልጆች አፍ ሲፈቱ ቶሎ ከሚሏቸው ቃላት አንዱ "ቴቴ" ነው። እቴቴ በዚህ በልቧ ትኮራለች፤ ለሰው ግን አትናገረውም። ድንቡሼ ግን ሁለት ዓመቷን ከደፈነች ቆየች፤ ከእሷ በኋላ የመጡት "ኳስ"፣ "ውሻ"፣ "የኔ ነው" እያሉ ሲጣሉ እሷ አንዲት ቃል አልወጣትም። ጆሮዋን ሐኪም አይቶታል፤ ደህና ነው። ኳሱን አምጪ ሲሏት ታመጣለች፤ ዝም በይ ሲሏት ትስቃለች። ብቻ አትናገርም።

አጽናኙ ለጉድ ነው። ጥበቃው "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አለ። ዳይሬክተሯ ደግሞ የአጎቷ ልጅ በአራት ዓመቱ አፉን ፈትቶ ዛሬ ጠበቃ መሆኑን ደጋግማ አወራች። ዘግይቶ የተናገረ ልጅ ሁሉ መጨረሻው ለምን ጠበቃ እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። እቴቴ በበኩሏ ለእናትየዋ "ምን ያስጨንቅሻል፣ እኔና እሷ እንደሆነ እንግባባለን" ትላት ነበር። ይህን በሰማች ቁጥር እናትየዋ ለምን ፊቷን ወደ በሩ እንደምታዞር እቴቴ አላስተዋለችም።

በዚያ ዓመት አንዲት ወጣት መምህርት ተቀጠረች። ሥራዋ ከክፍል ክፍል እየዞረች ልጆቹን ማጫወትና ማስተማር ነው። እቴቴ አልወደደቻትም። ምክንያቱን ቢጠይቋት መምህርቷ ቁጭ ብላ ታያለች ትላለች። ልጅ የሳጥን ክዳን እምቢ ብሎት ሲታገል መምህርቷ አጠገቡ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ሁለት እጅ ይዞ ቁጭ ብሎ ማየት ደግሞ በእቴቴ ቤት ከስንፍና አይለይም። እቴቴ ከክፍሉ ዳር ሆና ትቁነጠነጥና በመጨረሻ ሄዳ ክዳኑን ትከፍትለታለች። መምህርቷ ቀና ብላ ፈገግ ትላለች። ይህ ደግሞ የባሰ ያናድዳታል።

አንድ ቀን እቴቴን ጥርሷ ክፉኛ አመማትና ሐኪም ዘንድ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ጉንጯ አብጦ ስትመለስ ገና ከኮሪደሩ የልጅ ለቅሶ ሰማች፤ የማን እንደሆነ ለማወቅ በሩን መክፈት አላስፈለጋትም። ድንቡሼ ከውሃው ጆግ ፊት ቆማ ታለቅሳለች። መምህርቷ ኩባያውን ይዛ ፊት ለፊቷ ተንበርክካለች። "ውሃ ነው? ውሃ ልስጥሽ?" ትልና ዝም ብላ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። እቴቴ የጥርሷን ሕመም ረስታ ኩባያውን ነጠቀች። ድንቡሼ ጠጣች፤ አፏን በእቴቴ ሽርጥ ጠረገች፤ ጸጥ አለች።

"ልጅ በውሃ ትቀጫለሽ?" አለች እቴቴ፣ ያበጠ ጉንጯ እየከበዳት።

"አልቀጣኋትም፣ እቴቴ። ልሰጣት ነበር። ትንሽ ጠበቅኋት እንጂ።"

"ምኑን ነው የምትጠብቂው? አገጯን አነሳች እኮ። አገጯን ስታነሳ ውሃ ነው። አይታይሽም?"

"ለእርስዎ ይታያል" አለች መምህርቷ፣ ድምጿን ሳታነሳ። "እኔ ግን ካልነገረችኝ አላውቅም።"

እቴቴ ይህን ጥፋትን እንደማመን ቆጠረችው። የዚያኑ ዕለት ለዳይሬክተሯ ከሰሰቻት፤ ዳይሬክተሯም እንደ ልማዷ ሁለቱንም መክራ፣ ሁለቱንም አመስግና፣ ማንንም ሳትዳኝ አሰናበተቻቸው።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን አመሻሹ ላይ የድንቡሼ እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ፣ ሌሎቹ ወላጆች እስኪሄዱ ድረስ በሩ አጠገብ ቆየች። እጅጌዋ ላይ የተጣበቀ ክር ነበር። ስታወራ እሱን እየለቀመች ነው። ድንቡሼን በወሩ መጨረሻ ወደ ሌላ መዋያ ልትወስዳት መሆኑን ተናገረች። እህቷ ሰፈር ነው፤ በታክሲ ያስኬዳል፤ ግን ልጆቹን በመዝሙርና በሥዕል ያስተምራሉ፤ እህቷም አስመዝግባላታለች።

እቴቴ ውሃ የፈሰሰባት ያህል ቆመች። "ምን አጎደልኩባት?" አለች።

"ምንም። ምንም አላጎደሉባትም፣ እቴቴ። ነገሩም እሱ ሳይሆን አይቀርም።" እናትየዋ ክሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። "ማታ ቤት ስንገባ ታለቅሳለች። አገጯን ታነሳለች፣ መስኮት መስኮቱን ታያለች፣ ቀሚሴን ትጎትታለች። ምን እያለችኝ እንደሆነ አላውቅም። ዳቦ ስሰጣት ትወረውራለች። አሻንጉሊት ስሰጣት ትወረውራለች። ከዚያ በሩን ታያለች። እርስዎን ነው የምትፈልገው። ልጄ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆናለች፤ እኔም ቋንቋዋን የማላውቅ እናት ሆንኩ።"

ድንቡሼ በመሀላቸው ቆማ ወደ ላይ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን ታያለች።

እቴቴ ወደ ቤቷ ስትሄድ እንደ ወትሮዋ አውቶቡስ አልተሳፈረችም፤ በእግሯ ሄደች። ተናደደች። ልብስ ሰፊዋን ምስጋና ቢስ አለቻት። ያችን ቁጭ ብላ የምታይ መምህርት በልቧ ሰደበቻት። ነገር ግን ንዴቷ ሩቅ አላስኬዳትም፤ የእናትየዋ ቃል እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀርቷል። አገጭ ማንሳት ውሃ ነው። መስኮት ማየት ሙዝ ነው፤ ድንቡሼ ይህን የተማረችው ከዚያ መስኮት ከሚያየው ልጅ ነው። ቀሚስ መጎተት እንቅልፍ ነው። ይህ ሁሉ ቋንቋ ነው፤ ተናጋሪው ግን ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንደኛዋ ደግሞ ማታ ማታ ልጅቱን ከነቋንቋዋ ትታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ልጅቱ ለምን ትናገር? ምን ጎድሏት? የጥበቃው ተረት ትዝ አላት፤ ሳይጠሯት አቤት። መንገዱ መሀል ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ተረቱን በትክክል ሰማችው፤ ፊቷ በኀፍረት ጋለ።

ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት እንደሚባለው፣ እቴቴም ያን ሌሊት ድንቡሼን ማቀፍም መተውም ጨንቋት አደረች። ጠዋት ግን ወደ መምህርቷ ሄደች። ኩራቷን መዋጥ ከጥርሷ ይበልጥ አመማት፤ ቢሆንም ዋጠችው።

"ያን ቀን ምኑን ነበር የምትጠብቂው?" አለቻት። አሁን ጥያቄው ጥያቄ ነበር።

መምህርቷ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችላትና ነገረቻት። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ልጅቱ አገጯን ስታነሳ ከፊቷ ዝቅ ማለት፣ ውሃ መሆኑን በስሙ መጥራት፣ ዓይኗን እያዩ አንድ ሁለት ትንፋሽ መጠበቅ፤ ከዚያ ብትናገርም ባትናገርም መስጠት ነው። መከልከል የለም፤ ማስጨነቅም የለም። ያን ዕለት መጠበቁን አብዝታ ልጅቱን ማስለቀሷ ስሕተት እንደነበር መምህርቷ ራሷ ተናገረች። እቴቴ "ይኸው ነው?" አለች። መምህርቷም ይኸው እንደሆነ፣ ግን ለእቴቴ ከሁሉም ሰው ይልቅ እንደሚከብዳት ነገረቻት።

እውነቷን ነበር። የእቴቴ እጆች ለዓመታት ማንም ሳያዛቸው ሲሮጡ የኖሩ እጆች ናቸው። ድንቡሼ አገጯን ገና ቀና ከማድረጓ ቀኝ እጇ ኩባያው ላይ ነው። መጀመሪያ እጆቿን አጣምራ ሞከረች፤ ተፈቱባት። ቀጥሎ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ሹልክ ብለው ወጡ። በመጨረሻ ባለጌ ልጅ እንደሚገሠጽ እጇን መገሠጽ ጀመረች። እጇ ወደ ጆጉ ሲሄድ "ቆይ!" ትለዋለች። ወደ ሙዙ ሲሄድ "ቆይ እንጂ፣ ምን ያጣድፍሃል?" ትለዋለች። መምህርቷ ሳቋን መያዝ ያቅታታል። ድንቡሼ ደግሞ አንዴ እጁን አንዴ እቴቴን እያየች ይህ አዲስ ጨዋታ ምን እንደሆነ ትመረምራለች።

ክፍሉ ጸጥታውን አጣ። እቴቴ ለሌሎቹም መጠበቅ ስለጀመረች ሁሉም የየራሱን ጥያቄ ይዞ መጮህ ጀመረ። ክዳን የሚታገለው ሲከፈትለት በደስታ ይጮሃል፤ ጫማ የጠፋበት ጫማዬ እያለ ይዞራል። ጥበቃው በመስኮት ብቅ ብሎ "ዛሬ የገበያ ቀን ነው እንዴ?" አለ። ዳይሬክተሯ እንግዳ ወላጆች ይዛ መጥታ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ እንዳደረገች፣ መልሳ ዘጋችው። ድንቡሼ ደግሞ ከሁሉም ባሰች። የለመደችው ነገር በሁለት ትንፋሽ ሲዘገይባት መሬት ላይ ተንከባለለች፤ አንድ ቀን እቴቴን ነከሰቻት። እቴቴ ዕቃ ቤት ገብታ በዳይፐር ካርቶኖቹ መሀል አለቀሰች፤ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች።

አመሻሽ ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ ነበራት። እናትየዋ በመጣች ቁጥር በሩ አጠገብ ይዛት የልጅቱን ምልክቶች አንድ በአንድ ትነግራታለች፤ አገጭ ይህ ነው፣ መስኮት ይህ ነው፣ ስሙን ጥሪላት፣ ትንሽ ጠብቂያት፣ ከዚያ ስጪያት። ሰፊዋ እንደ ደንበኛ ልክ በጥንቃቄ ትይዘዋለች። ማታ ማታ ለቅሶው እንደቀነሰ አንድ ቀን ነገረቻት። ስለ መሄዱ ግን ሐሳቧን አልቀየረችም፤ ልጅቱ ገና ቃል አላወጣችምና እህቷም ነጋ ጠባ ትወተውታታለች። እቴቴም አትለምናትም። ልቧ ግን ቀኑ በቀረበ ቁጥር ይሸበር ነበር፤ እቴቴ ያለ ድንቡሼ ያንን ክፍል አስባው አታውቅም።

የወሩ የመጨረሻ ዓርብ ደረሰ። ልጆቹ ከቀን እንቅልፋቸው ነቅተዋል፤ ፍራሾቹ እየተጠቀለሉ ነው። እቴቴ ድንቡሼን ትንሿ ወንበር ላይ አስቀምጣ ጫማ ልታደርግላት ተንበረከከች። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ስለነበር እጆቿን መገሠጽ ረሳች። ጫማውን አንስታ እግሯን ስትይዝ አንዲት ክብ፣ ሞቅ ያለች መዳፍ እጇ ላይ አረፈች።

"ቆይ" አለች ድንቡሼ።

ድምጿ ጎርነን ያለ ነበር፤ ከዚያች ድንቡሽቡሽ አካል ይወጣል ተብሎ የማይታሰብ። ጫማውን ከእቴቴ እጅ ወሰደች፤ ታገለች፤ ምላሷን አውጥታ ታገለች፤ የግራውን በቀኝ እግሯ አጠለቀች። ቀጥሎ የቀኙን በግራ። ከዚያ ተነስታ የራሷን ጉዳይ ለመፈጸም ወደ ኳሱ ሄደች።

እቴቴ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። ይህን ያህል ዘመን "ቴቴ" የሚለውን ቃል ስትጠብቅ ኖራ፣ የመጣላት ቃል እጇን የሚያስቆም ሆነ፤ በሕይወቷ ግን ከዚህ የጣፈጠ ቃል ሰምታ አታውቅም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። መምህርቷ ፍራሽ እንደታቀፈች ደርቃ ቀርታለች፤ እሷም ሰምታለች።

በዚሁ መሀል የውጪው በር ተንኳኳ፤ ጥበቃው ከእናትየዋ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ተሰማ። መምህርቷ ፍራሹን ጥላ ልትሮጥ ስትል እቴቴ ቀሚሷን ያዘቻት።

"አትንገሪያት።"

"እንዴት አልነግራትም? ይህን ከሰማች እኮ አትወስዳትም!"

እቴቴም ይህን ታውቃለች። አንዲት ቃል ብትተነፍስ የድንቡሼ ብርድ ልብስም ኩባያም መስቀያዋ ላይ እንደተሰቀሉ ይቀራሉ። እንባዋን በሽርጧ ጠረገች።

"ስትቀመጥ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ" አለች ቀስ ብላ። "የመጀመሪያ ጥርሷን ያየሁት እኔ ነኝ። እርምጃዋንም እኔ። ያቺ ሴት ስለ ልጇ ሁሉን ነገር የሰማችው ከእኔ አፍ ነው። ይህን በገዛ ጆሮዋ ትስማው።"

"እዚያ ሄዳ ብትናገርስ?"

"እናቷ እዚያም እናቷ ናት።"

ሰፊዋ ገባች። ብርድ ልብሱን አጣጠፈች፣ ኩባያውንና ቅያሪ ልብሷን ቦርሳ ውስጥ ከተተች፣ ምስጋናዋን ስትናገር ቃላቱ ተሰባበሩባት። የልጇ ጫማ መገላበጡን አይታ ልታስተካክል ጎንበስ ስትል እቴቴ "ተይው፣ ራሷ ናት ያደረገችው" አለቻት። እናትየዋ "ራሷ?" ብላ ተገረመች። እቴቴም "ራሷ" አለች፤ ከዚያ በላይ አልተነፈሰችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ድንቡሼን ጉንጯን ስማ ሸኘቻት። ልጅቱ የጎንዮሽ እየረገጠች በሩን ስትወጣ ጥበቃው እንኳ አልቀለደም።

ሰኞ ጠዋት የእቴቴ ክፍል ሞልቶ ጎደሎ ነበር። ልጅ ተቀበለች፣ አፍንጫ ጠረገች፣ ፖፖ አጠበች፤ ባዶውን መስቀያ ላለማየት ዞራ ዞራ ሄደች። መምህርቷም አጽናናሻለሁ ብላ አላስቸገረቻትም፤ አጠገቧ ሆና ሠራች። ትልልቆቹ መዝሙር ሲጀምሩ በሩ ተከፈተና የድንቡሼ እናት ብርድ ልብሱን በብብቷ ይዛ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ገባች። ድንቡሼ ከፊቷ ናት፤ ጫማዋ እንደ ዓርቡ ተገላብጧል።

"ተናገረች" አለች እናትየዋ። "እቴቴ፣ ልጄ ተናገረች!"

እቴቴ አፏን በእጇ ያዘች። ሁለተኛ መስማቱም እንደ መጀመሪያው ሆነባትና መደነቋን ማስመሰል አላስፈለጋትም። "ምን አለች?"

"ቆይ። ቆይ ነው ያለችኝ። ወደዚያኛው ልወስዳት ጫማዋን ሳደርግላት እጄን ያዘችኝ። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ መንገድ ላይ ወደ ታክሲው ስስባት ደግማ 'ቆይ' አለችና ወደዚህ አዞረችኝ። እምቢ ልበላት? የመጀመሪያ ቃሏን እምቢ ልበላት?" ሳቋና ለቅሶዋ ተደባለቀ። "ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። እኔ እኮ ለደንበኛው ሁሉ 'ቆይ፣ አንዴ ቆይ' ስል ነው የምውለው። ቅዳሜ ስፌት ቤት አብራኝ ነው የዋለችው። ከእኔ ነው የወሰደችው፤ አይደል?"

መምህርቷ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረችና የተደረደሩትን የመጫወቻ እንጨቶች እንደገና መደርደር ጀመረች።

"ከአንቺ ነው እንጂ ከማን ይሆናል" አለች እቴቴ።

ድንቡሼ ከጆጉ ፊት ሄዳ ቆመችና አገጯን አነሳች። እቴቴ ሁለቱንም እጆቿን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና እናትየዋን አየቻት። ሰፊዋ ብርድ ልብሱን ወንበር ላይ ጣል አደረገች፤ ኩባያውን አንስታ ልጇ ፊት ተንበረከከች። "ውሃ?" አለቻትና ዓይን ዓይኗን እያየች ጠበቀቻት።